ሳላሳውቅ ስደውል የሚደነግጥ ወጣት፣ ቢሮ አልመለስም ያለ አንጋፋ፦ ደንቡን በምን ልጻፈው?

ደብተር ያዥ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ።

የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ክፍላችን ከወረርሽኙ ጊዜ ጀምሮ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከቤት ነው። ሰው ሲገባም ሲወጣም በዚያው ቀጥለናል። አሁን ከላይ ያሉት «ደንብ ጻፊ» ብለውኛል። ከመጻፌ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሁለት ሰዎች አሉኝ። አንዱ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው። ትምህርቱን እንደጨረሰ ነው እኛ ጋ የገባው። ጎበዝ ነው፤ ኤክሴል ላይ እጁ ሲሮጥ ዓይን አይከተለውም። ሁለተኛው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው አንጋፋ ነው። በመጀመሪያዎቹ የኦንላይን ስብሰባዎች ማይክ መክፈት አቅቶት ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ እናየው ነበር።

ከሁለቱ ከቤት መሥራት የሚመቸው ማነው ቢባል ሁሉም ሰው «ልጁ» ይላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። አንጋፋው «ቢሮ ተመለስ ካላችሁኝ ጡረታዬን ቀደም አድርጌ እወጣለሁ» ብሏል። ልጁ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ፈራ ተባ እያለ «ቢሮ መጥቼ መሥራት እችላለሁ?» ብሎ ጻፈልኝ።

አዎ፣ ጻፈልኝ። አይደውልማ። እኔ ስደውልለትም አያነሳም። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል። ወዲያው በቻት «ደህና ነዎት? የተፈጠረ ነገር አለ?» ይመጣል። የተፈጠረ ነገር የለም። የአንድ ቫውቸር ቁጥር ልጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ስጠይቀው «ሳይነገረኝ ስልክ ሲጠራ ልባረር ነው የሚመስለኝ» አለኝ። እኔ ባደግሁበት ቢሮ የሚያስፈራው ስልክ ሳይሆን ደብዳቤ ነበር።

ካሜራም አይከፍትም። እሱን ትቼዋለሁ። ያልተውኩት ሌላ ነገር አለ። ባለፈው የወር መዝጊያ ላይ የባንክ ማስታረቂያው (የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር ማመሳከሩ) አልገጥም ብሎት ለቀናት ብቻውን ሲታገል ቆይቷል። «እንዴት ነው?» ስለው መልሱ ሁሌ «እየሄደ ነው» ነው። መጨረሻ ላይ ስክሪኑን ሼር አድርጎ ሲያሳየኝ፣ ልዩነቱ በወሩ የመጨረሻ ቀን ገቢ ሆኖ ባንኩ በሚቀጥለው ወር የመዘገበው ገንዘብ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ለቆየ ሰው ይህ ገና ሲጀመር የሚታይ ነገር ነው። ቢሮ ብንሆን ወንበሩ ላይ አቀማመጡን አይቼ እንደተቸገረ አውቅ ነበር። በስክሪን ግን የማየው ስሙንና አንድ አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። እኔ ሐሳብ የሚመጣልኝ ማታ ነው። አራት ሰዓት ላይ እጽፋለሁ፤ ጠዋት እንዲያዩት ነው። ልጁ ወዲያውኑ ይመልሳል። አንጋፋው በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ።

አለቃዬ «ወጣቶቹ ቢሮ ይምጡ፣ ትልልቆቹ ቤት ይሁኑ» የሚል ደንብ ይፈልጋል። በዕድሜ መክፈሉ አልጣመኝም። የተሻለ መስፈርት ደግሞ ገና አላገኘሁም። ይህ የትውልድ ነገር ነው ወይስ ሌላ?

ጀማሪ ኮደር

ልጁ እኔ አለመሆኔን ለማረጋገጥ ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ሶፍትዌር ላይ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

ስለ ስልኩ ልንገርዎት። ሳይታሰብ የሚመጣ ስልክ ለእኔ ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ አጥፍቻለሁ ማለት ነው። ሌላው ነገር ሁሉ በጽሑፍ ነው የሚመጣልኝ። ደግሞ መጻፍ ጊዜ ይሰጣል። የቫውቸሩን ቁጥር ፈልጌ፣ አጣርቼ እልክልዎታለሁ። በስልክ ከሆነ ግን «እ... አንድ ጊዜ... ቆይ...» እያልኩ እርስዎ ሲጠብቁኝ ይሰማኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። «ልደውል? ስለ ቫውቸር ቁጥር ነው» ብለው ይጻፉለት። ያነሳል።

ካሜራው፦ ክፍሌን ከወንድሜ ጋር ነው የምጋራው። ጠረጴዛ የለንም። የምሠራው አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ጀርባን የሚያደበዝዘውን ነገር ሞክሬዋለሁ፤ ወንድሜ ሲያልፍ ግማሽ ፊቱ ብቅ ይልና ይጠፋል። ስብሰባው ሁሉ እሱን ሲያይ ይውላል። እናም አጠፋዋለሁ።

«እየሄደ ነው» የምንለው ለምን እንደሆነም ላስረዳ። ቢሮ ውስጥ ጀማሪ ሲቸገር ጎኑ ያለውን በሹክሹክታ ይጠይቃል። እዚያው ይረሳል። በቻት ግን ጥያቄዬ ከስሜና ከሰዓቱ ጋር ተጽፎ ይቀራል። ለአንድ ሰው ለብቻው ብጽፍለት ደግሞ ሥራ ላይ ይሁን ምሳ ላይ አላውቅም። ስጽፍ፣ ሳጠፋ፣ እንደገና ስጽፍ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ «ራሴ ልፈልገው» እላለሁ።

አንድ ልጨምር፣ እንዳይቀየሙኝ። «እሺ።» ብላችሁ አራት ነጥብ ስታደርጉ እኛ እንደነግጣለን። «እሺ» ሰላም ነው። «እሺ።» ተቆጥተዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስልክ መልእክት ላይ ይህንኑ አጥንተው ነበር። ባለ አንድ ቃል መልስ በነጥብ ሲዘጋ፣ አንባቢዎቹ ከልብ የመነጨ እንዳልሆነ አድርገው ነው ያዩት። የኛ ቅዠት ብቻ አይደለም።

ደብተር ያዥ

ስለ ስልኩ የተናገርከውን ተቀብያለሁ፤ ከነገ ጀምሮ እሞክረዋለሁ። አራት ነጥቡን ግን አልተውም። ዕድሜዬን በሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓረፍተ ነገር ክፍት ትቼ ከጠረጴዛ አልነሳም።

የክፍሉን ነገር ግን ልብ ብዬዋለሁ። ልጁ የት ቁጭ ብሎ እንደሚሠራ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ንድፍ አንሺው

እህቴ፣ እኔ ከአንጋፋሽ ጎን ነኝ። ስልሳን አልፌያለሁ፤ የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ። ቢሮ ተመለስ ብባል እኔም አኮርፋለሁ።

ስንፍና አይምሰልሽ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። ልጆቼ ወጥተዋል፤ የትልቋ ክፍል ቢሮዬ ሆኗል። በሩን ስዘጋ የሚያንኳኳ የለም። ቢሮ ሳለሁ በየደቂቃው «ጋሼ፣ ይቺን እዩልኝ» የሚል ወጣት ነበር። እያንዳንዷ ጥያቄ የእኔን ሰዓት ትበላለች፣ እሱን ግን ታሳድጋለች። አሁን የሚጠይቀኝ የለም። ሥራዬ ፈጥኗል። ልጆቹ ከማን እየተማሩ እንደሆነ ግን እንጃ።

ደግሞ ይህን አስቢ። እኔ ስቸገር ለማን እንደምደውል አውቃለሁ። የመዋቅር ስሌት የሚሠራልንን ሰውዬ ጎልማሳ ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ። «አቤት» ሲል ብቻ ዛሬ ይጠየቃል ወይስ ይደር የሚለውን እለያለሁ። ይህን ትውውቅ ያገኘሁት ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። እሱን ይዤ ነው ቤት የገባሁት። ያንቺ ልጅ ባዶ እጁን ነው የገባው።

ከቤት መሥራት የወጣቶች ነገር ነው ሲባል ደግሞ ያስቀኛል። ጃክ ኒልስ የሚባለው መሐንዲስ ሠራተኛውን ወደ ሥራ ከማመላለስ ሥራውን ወደ ሠራተኛው እንውሰድ የሚለውን ሐሳብ ይዞ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። መንገድ መጨናነቁ ነበር ያሳሰበው። ዙም እንኳን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ያሁ ከቤት የሚሠሩ ሠራተኞቹን ወደ ቢሮ ሲጠራ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2013 ነበር፤ ያኔ የዛሬዎቹ ጀማሪዎች ትምህርት ቤት ነበሩ። ክርክሩን የጀመርነው እኛ ነን።

የሚያበሽቀኝን ሳልናገር አልሄድም። ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲናገር ጆሮዬ አይለይም። ንግግሩን በጽሑፍ የሚያወጣውን አገልግሎት ክፈቱልኝ ስል ሰው ይስቃል። የእኔ ማይክ ሲበላሽ «ሽማግሌው አቃተው» ይባላል። የወጣቱ ሲበላሽ «ኔትወርክ ነው»።

መሃል ላይ ያለሁት

እኔን የጠራኝ የለም፤ ራሴ መጣሁ። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የታመመች እናትም አለችኝ። ከቤት የምሠራው ደስ ስለሚለኝ አይደለም። ባይኖር ኖሮ ሥራ አቁሜ ነበር። ልጆቼን ከትምህርት ቤት የማመጣበት ሰዓት ካሌንደሬ ላይ «ስብሰባ» ተብሎ ተይዟል። (አለቃዬ ይህን ካነበበ፣ ስብሰባው በጣም ወሳኝ ነው።)

ከአንጋፋው ጋር በትውልድ አንገናኝም። ግን ሁለታችንም ቢሮ አንመለስም እንላለን። እሱ ቤቱ ጸጥ ስላለ፣ እኔ ቤቴ ጸጥ ስለማይል። ይህን የትኛው የትውልድ ስም ይገልጸዋል?

ካሜራ የወጣት ጥላቻ ብቻ አይደለም። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ዙም ድካም ሲጽፉ አራት ምክንያት አስቀምጠዋል። የብዙ ሰው ዓይን በቅርብ ሲያፈጥብን መዋሉ፣ የራሳችንን ፊት ስናይ መዋላችን፣ ከካሜራው ክልል እንዳንወጣ ተገትረን መቀመጣችን፣ ሌላው ደግሞ ፊት ለፊት ሳለን ሳናስብበት የምንሰጠውን ምልክት እዚህ ሆን ብለን ማጋነናችን። እኔ የራሴን ፊት ከስክሪኑ ደብቄ ነው የምሰበሰበው። ሞክሩት፣ ትልቅ እረፍት ነው።

ጀማሪው ኮደር፣ የተናገርከው ገብቶኛል። ሁሉ ነገር በጽሑፍ ይሁን ካልክ ግን እኔ አለቀልኝ። አንድ እጄ ብዙ ጊዜ ሰው ይዟል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንድ ጉዳይ እጨርሳለሁ። በአንድ ጣት ያንን ሁሉ መልእክት መመላለስ ግን አልችልም።

ጀማሪ ኮደር

ቮይስ ላይ እንስማማ?

ንድፍ አንሺው

ቮይስ አይሆንም። አንዲት ቁጥር ለማግኘት ሦስት ደቂቃ ሙሉ የሰው ሰላምታ አልሰማም።

ሰው ኃይል አካባቢ

የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ደንብ ስጽፍና ስሰርዝ ነው የኖርኩት። የትውልድ ሥልጠናም ሰጥቻለሁ፣ ዛሬ አልሰጥም።

ልጁ ላይ የሚያዩት ነገር ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል። የስልኩ ፍርሃት ምናልባት አብሮት ካደገው መሣሪያ የመጣ ነው፤ ይህ ትውልድ ቢባል ያስኬዳል። ምናልባት የራሱ ክፍል አለመኖሩ፣ ሰው አለማወቁም ግን የዕድሜ ደረጃ ነው፤ እኛም በዚያ ዕድሜ እንዲሁ ነበርን። ሥራ ሲጀምር ቢሮው ባዶ መሆኑ ደግሞ የዘመኑ ነገር ነው፤ ያኔ የተቀጠረ የሃምሳ ዓመት ሰውም ደርሶበታል። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልለን «ትውልድ» ስንል ለየትኛው መድኃኒት እንደምንፈልግ ይጠፋብናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት፣ ሠራተኛን በትውልድ ምድብ ከፍሎ ማስተዳደር በቂ ማስረጃ የለውም ብለዋል።

ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው። ሲትሪፕ በተባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት የጥሪ ማዕከል ላይ የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ያደረጉት ሙከራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨመረ። ይህን ቁጥር ሁሉም ሰው ይጠቅሰዋል። ለሙከራው ብቁ ለመሆን ምን ያስፈልግ እንደነበር ግን የሚያነሳ የለም። የራስ ክፍል፣ ጥሩ ኢንተርኔት፣ እዚያው ድርጅት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መሥራት። ዕድሜ የለበትም። ልጅዎን በነዚህ ይለኩት፤ ሲቀጠር ቆይታውን አያሟላም ነበር፤ ምናልባት ክፍሉንም። ሙከራው ሲያልቅ ደግሞ ከቤት ይሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስ መረጡ። ብቸኝነት አንዱ ምክንያታቸው ነበር።

ንድፍ አንሺው ስለ ጥያቄዎቹ ያሉትንም ያጠኑት አሉ። አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ያሉ የሶፍትዌር መሐንዲሶች ላይ ነው። ቡድናቸው አንድ ሕንፃ ውስጥ የነበረ መሐንዲሶች ለሁለት ሕንፃ ከተከፈሉት ይልቅ ኮዳቸው ላይ ብዙ አስተያየት ያገኙ ነበር። ይበልጥ የተጠቀሙት ጀማሪዎቹ ናቸው። አስተያየት ሰጪዎቹ ነባሮች ደግሞ የራሳቸው ሥራ ይቀንስ ነበር። ወረርሽኙ መጥቶ ሁሉም ቤት ሲገባ ልዩነቱ ጠፋ። ንድፍ አንሺው ያለ ጥናት የተናገሩት ይህንኑ ነው።

እናም ደንቡን በዕድሜ አይጻፉት። አንደኛ፣ ሠራተኛን በዕድሜ የሚለይ ደንብ በብዙ አገር ሕግ ያስጠይቃል። ሁለተኛ፣ ነገ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ከሌላ መሥሪያ ቤት ሲመጣ የት ሊመድቡት ነው? እሱም ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። በቆይታና በሥራው ዓይነት ይጻፉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀማሪውን ብቻውን እንዳያመጡት። ቢሮ ድረስ መጥቶ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ቤታቸው ካሉት ሰዎች ጋር ዙም ላይ ከዋለ ምኑን መጣ?

መሃል ላይ ያለሁት

ቆይ፣ ጀማሪውን ብቻውን አታምጡት ማለት ነባሮቹ ይምጡ ማለት ነው። የኔ ጭንቀት ያ ነው። ለእሱ ትምህርት ስል እኔ ሞግዚት ልቅጠር?

ሰው ኃይል አካባቢ

ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ወጪው በነባሮቹ ላይ እንደሚወድቅ ጥናቱ ራሱ ያሳያል። ስለዚህ አንድ፣ ቀኑ ጥቂት ይሁንና አስቀድሞ ይታወቅ። ሁለት፣ ማስተማሩ በሥራ ግምገማ ላይ ይቆጠር። ዛሬ የአብዛኛው መሥሪያ ቤት ግምገማ ቅጽ ላይ «ጀማሪ አስተማረ» የሚል መስመር የለም። ሰው ያልተቆጠረለትን ሥራ እየተወ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ሙሉ በሙሉ መመለስም አያስፈልግም። ያው ብሉም እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ሌላ ሙከራ አለ፤ ቦታው ትሪፕ ዶት ኮም ነው፣ ያው የድሮው ሲትሪፕ። 1,612 ሠራተኞች ነበሩበት። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት የሠሩት ሥራ የመልቀቃቸው መጠን በሲሶ ያህል ቀነሰ። የሥራ ግምገማቸውም ሆነ እድገታቸው ግን ሁሌ ቢሮ ከሚውሉት አልተለየም።

ደብተር ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

ልጁን «ልደውል? ስለ ሥራ ቦታህ ነው፣ ችግር የለም» ብዬ ጻፍኩለት። ራሱ ደወለ። የሚሠራው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በተከራየው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። አንደኛው የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነ ቀን ይተኛል። ለካ በስብሰባ ላይ ድምፁን የሚያሳንሰው ለዚያ ነው።

ለአንጋፋውም ደወልኩለት፤ እሱ ሳይጠራ ነው የሚያነሳው። ሁሌ ና አላልኩትም። በወር መዝጊያ ቀናት ብቻ ና አልኩት። ትንሽ ካጉረመረመ በኋላ «እመጣለሁ፤ ግን ልጁ ይጠይቀኝ፣ እኔ እየተከታተልኩ አላስተምርም» አለኝ። ጥሩ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ፤ የጆሮ ማዳመጫ በነዚያ ቀናት ክልክል ነው። ይህን እንኳን ደንብ ላይ አልጽፈውም፣ በቃል እናገራለሁ።

ለአለቃዬ የምልከው ረቂቅ ይህን ይላል። አዲስ የገባ ሰው፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሥራ ቦታውን ራሱ ይመርጣል፤ ቢሮ ከመረጠ ጠረጴዛ ይዘጋጅለታል። በወር መዝጊያ ቀናት ሁሉም ይመጣል፤ ቤት የሚያስቀር ጉዳይ ያለበት ሰው አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ምክንያቱን አይጠየቅም። መሃል ላይ ያለሽው፣ ይህቺ ላንቺ ናት። ማስተማር በግምገማ ይቆጠራል። አለቃዬ የመጨረሻዋን መስመር እንደማይወዳት ከአሁኑ አውቃለሁ፤ ግምገማ ውስጥ ገባ ማለት ብር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሌላውን እደራደራለሁ፣ እሷን ግን አልነካም።

የቀረኝ የማታው መልእክት ነው። ሐሳቤን እስከ ጠዋት አላሳድረውም፤ ይጠፋብኛል። እንዲህም ሆኖ ልጁ በዚያ ሰዓት ባይመልስልኝ እመርጣለሁ። «አትመልስ» ብዬው ነበር፤ እሱንም ወዲያው «እሺ» ብሎ መለሰልኝ።

ጀማሪ ኮደር

«አትመልስ» አይሠራም። ካየነው እንመልሳለን። እንዳናየው ነው ማድረግ ያለብዎት። ማታ ይጻፉት፣ ጠዋት እንዲሄድ ሰዓት ይሙሉለት። የምትጠቀሙት ምንድን ነው?

ደብተር ያዥ

ኮምፒውተር ላይ ቲምስ፣ ስልክ ላይ ቴሌግራም።

ጀማሪ ኮደር

ቲምስ ላይ መልእክቱን ጽፈው ሲጨርሱ የመላኪያውን ምልክት በማውሱ ቀኝ ይጫኑ፤ ቀንና ሰዓት ይጠይቅዎታል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርገው ይያዙት፣ ዝርዝር ይወጣል፤ እዚያ ውስጥ ሰዓት መምረጫው አለ።

ንድፍ አንሺው

ከላክሁት በኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ? ጠዋት ሳይሄድ መሰረዝ ይቻላል?

ጀማሪ ኮደር

ይቻላል ጋሼ። ሰዓቱ እስኪደርስ እርስዎ ጋ ነው ያለው፤ ያርሙታልም፣ ይሰርዙታልም።